ሌንሴ በሎጊያ ሜዳ የተቀመጠችበት ማራቶን

ከመቱ መናኸሪያ የወጣነው ጭጋጉ ሳይገለጥ ነው። አራት ነበርን፤ ሁለት ሯጮች፣ አሰልጣኛቸውና እኔ። የምንሄደው አፋር ውስጥ፣ ከሎጊያ ከተማ ወጣ ባለ በረሃ ላይ ወደሚካሄድ ማራቶን ነው። ዝናብ ከማይለየው አገር ተነስቶ በረሃ ላይ ለመሮጥ መሄድ የማን ሐሳብ እንደሆነ የጠየቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሐሳቡ የአሰልጣኙ የተሾመ ነው። ተሾመ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ የስፖርት መምህር ሆኖ መቱ ውስጥ አርጅቷል። ከመቱ ወደ ጎሬ የሚወጣውን ዳገት ጭቃ ያላስረገጠው ወጣት የለም። ስለ ሩጫ ያለኝን አመለካከት ጠንቅቆ ያውቃል። ማንም ሳያባርረው የሚሮጥ ሰው ለእኔ እንቆቅልሽ ነው። ቢሆንም "ሁለት ልጆች ይዤ ያን ሁሉ አገር ብቻዬን አላቋርጥም፤ ቢያንስ የምጨቃጨቀው ሰው ልያዝ" አለኝ። ለዚህ ሥራ ብቁ ነኝ።

ከሯጮቹ አንዷ ሌንሴ ናት፤ የሁሩሙ ልጅ። ከዚህ በፊት ሁለት ማራቶን ጀምራ ሁለቱንም አቋርጣለች። ጉልበት አንሷት አይደለም። መጨረሻው ሲቃረብ "ለምን እንደምሮጥ ይጠፋኛል" ትላለች፤ ያኔ ከመንገድ ወጥታ ትቀመጣለች። ሁለቱንም ጊዜ ከተቀመጠች በኋላ አልተነሳችም። የእህቷ ባል ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሥራ አፈላልጎላታል። እሷም "ይሄንን ካልጨረስኩ ሩጫውን ትቼ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ" ብላ ቃል ገብታለታለች። ተሾመ ይህን የነገረኝ የሰው ሞት እንደሚያረዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሩጫ ካስጀመራቸው ሴት ልጆች የቀረችለት እሷ ብቻ ነበረች።

ሌላው ያሲን ነው። ወላጆቹ በድርቁ ዘመን ከወሎ ወደ ኢሉባቦር የሰፈሩ ናቸው፤ እሱ የተወለደው ዳሪሙ ነው። ቀልድ ሳይናገር በደሌ አይደርስም።

"እናቴ በልጅነቷ ከዚህ በረሃ አፋፍ ነው የሸሸችው" አለ አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ። "እኔ ደግሞ ቲሸርት ተሰጥቶኝ ልመለስበት ነው። ስነግራት 'ልጄ፣ እኛ እንኳ ስንሸሽ እየተራመድን ነው' አለችኝ።"

ለሙቀቱ የተዘጋጁበትን መንገድ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ተሾመ ክረምቱን ሙሉ ላስቲክ አልብሶ፣ በላዩ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ በዝናብ ውስጥ ጎሬ ዳገት ላይ ሲያስሮጣቸው ከርሟል። ከውስጥ ላብ፣ ከውጭ ዝናብ። ያየ ሰው ሁሉ አስታማሚ የሌላቸው በሽተኞች መስለውት ሲያዝን ነበር።

በእኛ አገር ሩጫ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በመንገድ የሚሮጥ ሰው መርዶ ይዟል ተብሎ ይታሰባል። አንድ ጊዜ የተሾመ ልጆች በገበያ ቀን ሁሩሙን ሰንጥቀው ሲያልፉ ማር የሚሸጠውም ቡና የሚሸጠውም "ማን ሞተ?" እያለ ተከትሏቸው ገበያው ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ተሾመ ሕግ አወጣ። ሰው አጠገብ ስትደርሱ እጃችሁን አንስታችሁ "ነጋ ዻ!" በሉ፤ ሰላም ነው ማለት ነው። የጠየቃችሁን ሰው ሳትመልሱ አትለፉ። ልጆቹ ይህን ሕግ ከትንፋሽ አወሳሰድ በፊት ነው የሚማሩት።

ወደ ቆላ

አዲስ አበባ አድረን አዳማን አለፍን። ከአዋሽ በኋላ በየፌርማታው ሻዩ እየተወደደ፣ ጥላው እያነሰ ሄደ። ያሲን አዋሽ ላይ ሹራቡን፣ ገዋኔ ላይ ቀልዱን አወለቀ። ሌንሴ መስኮቱ ላይ ተለጥፋ ቀረች። "ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች ውሃ የሚቀዱት ከየት ነው?" አለችኝ።

"ከሩቅ።"

"በየት በኩል?"

አላወቅኩም። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው ጠጠር፣ ግራርና ብርሃን ብቻ ነበር። እኛ ጋ ጅረት የሌለው ሸለቆ አይገኝም። ሌንሴ በሕይወቷ ውሃ ይዛ መንገድ ሄዳ አታውቅም።

ሎጊያ ስንደርስ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች አስፋልቱን ይዘው ቆመዋል። አልጋ ያከራየን ሰውዬ ክፍል አሳየንና "ማታ ግን ስለሚሞቅ አልጋውን ግቢ አውጥታችሁ ተኙ" አለን፤ አልጋው ለዚሁ ተብሎ ቀላል ነው። እራታችን ፍየል ጥብስና በጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር ሰፊ ቂጣ ነበር። ሌንሴ ጥቂት ቀመሰችና ለያሲን አሳለፈችለት። ተሾመ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

የመጨረሻው መኪና

አሰልጣኝ ሩጫው መስመር ላይ መቆም አይችልም ተባለ። ተሾመ ሎጊያ ባለው መጨረሻ መስመር ላይ እንዲጠብቅ ተደረገ። እኔን ግን ከአዘጋጆቹ አንዱ ሽበቴን አይቶ፣ "አባት፣ እርስዎ ያቋረጡትን በሚሰበስበው ፒካፕ ጋቢና ይቀመጡልን፤ ሽማግሌ ሲያናግራቸው ብዙ አያለቅሱም" አለኝ። ሽማግሌ መባሌን ተቃወምኩ፤ ጋቢናውን ግን ተቀበልኩ፤ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ነበር።

ሯጮቹ ገና ጀምበር ሳትወጣ ተለቀቁ። እኛ ከኋላቸው በእርምጃ ፍጥነት ተከተልን። መጀመሪያ ላይ መልካም ነበር፤ ንፋስ አለ፣ ሜዳው ሐምራዊ ነው፣ የሯጮቹ ጫማ ጠጠሩን ሲረግጥ እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ፀሐይዋ ስትወጣ ግን ሁሉም ነገር ነጭ ሆነ። ያሲንን ያገኘነው ከግማሽ በኋላ አንዲት ግራር ሥር ነው። ግራሯ ከእሱ ጭንቅላት የበለጠ ጥላ አልነበራትም።

"ምን ሆንክ?"

"ውሃ አልጠጣሁም ጋሼ።"

"በየጣቢያው ውሃ አለ እኮ!"

"አየሁት። ግን ቀጣዩ ላይ እጠጣለሁ እያልኩ አለፍኩ።" አፉ ደርቆ እንኳ ፈገግ አለ። "ዳሪሙ ውስጥ ሁልጊዜ ቀጣይ ምንጭ አለ።"

አንስተን ጫንነው። ውሃውን ሲጠጣ ስለ ሌንሴ ጠየቅኩት። "ቀድማኝ አልፋለች፤ ደህና ናት" አለኝ። ከዚያ ቀጥሎ፣ "ዝም ብላ ነበር ግን" አለ። ዝም ካለች ለመቀመጥ እንደተቃረበች ሁለታችንም እናውቃለን።

ከሩቅ ግመሎች አየን። ጠጋ ስንል ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ አንድ የአፋር ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ሌንሴ ተቀምጣለች።

አበቃ አልኩ። የሚሆን የማጽናኛ ቃል ስፈልግ፣ ማንበብ ለእንዲህ ያለ ሰዓት እንደማይረዳ ገባኝ። ሾፌሩ ቆሞ የኋላውን በር ከፈተ።

"ነይ እህቴ፣ ተሳፈሪ።"

ሌንሴ ዞር ሳትል መዳፏን አነሳችብን። "ቆዩ፤ እየተነጋገርን ነው።"

ሽማግሌው ሎጊያ ገበያ በለመደው አማርኛ ቀስ እያለ ይናገራል። ከጠዋት ጀምሮ ወደ ሎጊያ የሚሄድ ሰው ሲጠብቅ ቆይቷል። እሱ ወደ ግጦሽ፣ ወደ ተቃራኒው ነው የሚሄደው። ሎጊያ ሻይ ለምትሸጥ ልጁ የሚልከው ወሬ አለው፤ እሱ ባለበት በረሃ ስልክ አይሠራም። በአፋር ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተገናኘ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይለዋወጣል፤ ዳጉ ይሉታል። ወሬውን የተቀበለ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ማድረስ አለበት።

"ሰው ሞላ" አለ ሽማግሌው። "ሁሉም ወደ ሎጊያ ይሄዳል። ሁሉም ይሮጣል። ምን መጣ ብዬ ጠየቅኩ፤ ጦርነት ነው? ጎርፍ ነው? አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ይቺ ልጅ ብቻ ቆመች።"

የመቱ ልጅ ምን ታድርግ? ተጠይቃ ሳትመልስ ማለፍ አልተማረችም። "ሰላም ነው" ብላ ልታልፍ ነበር፤ ሽማግሌው ግን ቁጭ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

"ማንም አላባረራችሁም?" አለ እንደገና።

"ማንም። ውድድር ነው፣ አባቴ። ጨዋታ።"

"በዚህ ፀሐይ?"

"አዎ።"

"አገርሽ የት ነው?"

"መቱ።"

"ዝናብ አለ?"

"አያቆምም።"

"ሳርስ?"

"ከሰው ይረዝማል።"

ሽማግሌው ግመሎቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ፤ ለዚህ ነገር ተጠያቂው እኔ ሳልሆን አልቀርም ብሎ ያሰበ ይመስላል። "ይህን ዳጉ ለማንም አልነግርም" አለ። "ውሸታም ይሉኛል።" ሌንሴ ሳቀች። ከመቱ ከተነሳን ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ የእሱ ተራ ሆነ። ቀልዱን ትቶ ጎንበስ አለ። የልጁ የፋጡማ እናት ከትኩሳቱ ድናለች። ዛሬ ጠዋት ራሷ ተነስታ፣ ራሷ ወተት ጠጥታለች። እሱ በዓይኑ አይቷል። ፋጡማ መኪና ለምና እንዳትመጣ፣ እንቅልፍ ትተኛ።

ሌንሴ ቃል በቃል ደገመችለት። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። እጇን ያዘ፣ እንደ አገሩ ሰላምታ እሱ እጇን ሳመ፣ እሷ እጁን ሳመች፤ ደጋግመው።

"እኛ እናደርስላታለን" አለ ሾፌሩ፤ ደግ ሰው ነበር። "በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። አንቺም ተሳፈሪ፣ ወሬውም ቶሎ ይደርሳል።"

እውነቱን ነው። እኔም እንድትሳፈር ፈልጌ ነበር፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ እያየሁ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። ያሲን ከኋላ "ሌንሴ፣ እዚህ ጥላ አለ!" ብሎ ጮኸ፤ አልነበረም።

ሌንሴ ሾፌሩን አየችው። "የነገሩት እኮ ለእኔ ነው" አለች።

ሁለት እጇን መሬት ላይ ተክላ ተነሳች። ውሃ ሰጠኋት፤ ጠጣች፤ የተረፈውን ራሷ ላይ አፈሰሰች። ከዚያ ሮጠች ለማለት ያስቸግራል፤ ግን ሄደች። እኛም ከኋላዋ።

ያን ሁሉ መንገድ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ጀርባዋን ሳይ፣ ማራቶንን ጀመረ ስለሚባለው የግሪክ መልእክተኛ አሰብኩ። ወሬውን አድርሶ ወድቆ ሞተ ይሉታል። እንደ ታሪክ አፍቃሪ ሁልጊዜ የምጠራጠረው ሰው ነው። በመካከል ቁጭ ብሎ ዳጉ የሚያወራ አንድ ሽማግሌ ቢያጋጥመው ኖሮ ሳይተርፍ አይቀርም ነበር።

መጨረሻው መስመር

መዝጊያው ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ወጣቶች ጨርቁን እየጠቀለሉ ነበር። ከሁለቱ ምሰሶዎች አንዱ ወርዷል፤ ሁለተኛውን ተሾመ አቅፎ ይዞ አላስነካም ብሏል። "አንዲት ልጅ ቀርታኛለች" ይላል። "ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ የሚመጣ ውጤቱ አይያዝም" ይሉታል። "አትያዙት። ምሰሶውን ግን ተዉት።"

ሌንሴ መስመሩን አልፋ፣ እጁን ዘርግቶ የሚጠብቀውን ተሾመንም አልፋ መንገድ ዳር ወደተደረደሩት ሻይ ሻጮች ሄደች። ተሾመ እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

"ፋጡማ ማን ናት?"

አንዲት ቀጭን ሴት ከማንቆርቆሪያዋ ኋላ ቀና አለች። ሌንሴ ከሴቲቱ ፊት ያለ በርጩማ ላይ ቁጭ አለች፤ ፋጡማም ተቀመጠች። ሌንሴ ነገረቻት፣ የተባለውን ብቻ። ተነስታለች። ወተት ጠጥታለች።

"ራሷ ይዛ?" አለች ፋጡማ።

"ራሷ ይዛ።"

"አባቴ በዓይኑ አይቷል?"

"በዓይኑ።"

ፋጡማ የሻሿን ጫፍ ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ስታነሳው ጉንጯ እርጥብ ነበር፤ እኛ እንዳላየን ሆንን። ከዚያ ስኳሩ የበዛ ሻይ ቀድታ ሌንሴ እጅ ውስጥ አስያዘቻት፤ ጣቶቿ ስለማይጨብጡ በሁለት እጇ ደግፋ አጠጣቻት። ተሾመ ከኋላ መጥቶ ፎጣ አለበሳት። እኔም የምጨቃጨቅበት አላገኘሁም።

ወደ ቤት

በመልሱ መንገድ ተሾመ ስለገባችው ቃል ሊጠይቃት እየፈለገ አልጠየቃትም። አዳማ ላይ ስለ ሐብሐብ፣ ጅማ ላይ ስለ መኪና ጎማ አወራ። የጠየቃት ያሲን ነው፤ በደሌ ልንደርስ ስንል።

"አሁን ጨርሰሻል ነው የሚባለው ወይስ አልጨረስሽም?"

"ፋጡማን ጠይቃት" አለችው ሌንሴ፤ ተመልሳም ተኛች።

ጉዞ ምን አስተማረህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈራኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። እኔ ይህን እላለሁ፤ ሩጫ ሞኝነት ነው የሚለውን አቋሜን አልተውኩም። ግን ሌንሴን ሁለት ጊዜ ያስቀመጣት ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም። ማንም የማይጠብቃት መስሏት ነው። ተሾመ ምሰሶ አቅፎ እየጠበቃት እንኳ። ይህን ለመረዳት አንድ ሽማግሌ ከነግመሎቹ አስፈለገ፤ እኔ ደግሞ ከአንድ ጋቢና ውስጥ ሆኜ አየሁት።

መቱ ስንደርስ እየዘነበ ነበር። ሌንሴ ከአውቶቡሱ ወርዳ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቆመች። የእህቷ ባል ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ይጠብቃታል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ "እህስ፣ ጨረስሽ?" አላት።

"ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው የደረስኩት፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። አናግሬያቸዋለሁ።"

ተሾመ መሬት መሬት ያይ ነበር። ሌንሴ ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች።

"እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ" አለች። "ወንበሩን ግን ተቀምጦ መቅረት ለሚችል ሰው ይስጡልኝ።"