ወንዙን የገፋው አጎቴ

አጎቴ ግንበኛ ነው። ግንበኛ ስል ግን ቤት የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። እሱ የሚውለው ወንዝ ዳር ነው፤ የሽቦ ሳጥን አጥፎ፣ ድንጋይ ሞልቶ፣ ጎርፍ የሚመልስ ጋቢዮን ይሠራል። ሰፈሩ «ሽቦው» ይለዋል፤ ቅጥነቱም ስሙን አግዞታል። ድንጋይ ሲመርጥ ለልጁ ሙሽራ የሚመርጥ ነው የሚመስለው፦ ያገላብጣል፣ ያንኳኳል፣ እንከን አውጥቶ መልሶ ይጥለዋል።

ተራራው የተናደው በጠራራ ፀሐይ፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበር፤ ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ። ናዳው ቤታቸውን ከነጓሮው ውጦ ወንዙ ላይ ተደፋ። ወንዙም ታግዶ ሐይቅ ሆኖ ሰነበተ፤ በኋላ ጫፍ ጫፉን ሰርስሮ በጎን አዲስ መንገድ አወጣ። ያን ሁሉ አፈር ማን ይቆፍረዋል? ለቅሶውን ያለ ሬሳ ተቀመጥን። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት። እንጀራ እናት ሳትሆን እናት የሆነችልኝ ሴት ነበረች።

ወንዙ ግን ናዳውን አልተወውም፤ በየክረምቱ እግሩን ይበላዋል። መጀመሪያ የጣሪያው ቆርቆሮ ወጣ፤ በሌላው ክረምት የመኝታ ቤቱ በር። አጎቴ ዝናብ ባባራ ቁጥር እየወረደ ያያል።

«መኝታ ቤቱን ጨርሷል» አለኝ አንድ ቀን። «የቀረው ወጥ ቤቱ ነው።»

የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አፅሟን ሰብስቦ በእጁ መቅበር።

ይኼኔ ነው ከወረዳ የተላከች መሐንዲስ አዲሱ ቤታችን የመጣችው። ጨዋ ልጅ ናት፤ ነገሩን ሰምታ ስለነበር ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«አባባ፣ የናዳው እግር ካለቀ ከላይ የቀረው ተራራ ተከትሎ ይወርዳል። ከታች መንደር አለ። ውሃውን ወደ ማዶ የሚገፋ ጋቢዮን ያስፈልገናል፤ የእርስዎ እጅ ደግሞ አስተማማኝ ነው።»

«አንድ ክረምት ብቻ ታገሡኝ» አላት።

«እኔ እታገሣለሁ፤ ተራራው ይታገሣል ወይ?»

ስትወጣ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ጋሼ፣ እምቢ በል! አገር ምድሩ ላይ ሌላ ግንበኛ ጠፋ?»

«ሌላ ሠርቶት ቢፈርስስ?» አለኝ። «የሰው ሚስት ትቀበር?»

በጋውን ሙሉ ሠራ። በወጥ ቤቱ አንጻር ያለው ሳጥን ላይ ሲደርስ ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። እጁን አፈሩ ላይ አሳርፎ ቆየ፤ ከዚያ «ድንጋይ አቀብሉኝ» አለ። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ሽቦውን አጠበቀ።

ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መጣ። ገፋው፣ ታገለው፤ እምቢ ሲለው ወደ ማዶ ዞረ። የድሮ መሄጃው ዛሬ ጠጠር ሞልቶት ሣር በቅሎበታል። የታችኛው መንደር አጎቴን መርቆ አይጠግብም። እሱ ግን ዛሬም ዝናብ ካባራ ይወርዳል፤ ሽቦውን በጣቱ እየሳበ ይፈትሻል። «ሥራውን እንደ ልጁ ነው የሚንከባከበው» ይላሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ባለፈው ክረምት ጃንጥላ ይዤ ተከተልኩት። አንዱን ቋጠሮ ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ብርድ ይመታሃል፤ እንሂድ። ደህና ነው እኮ፣ ንቅንቅ አላለም።»

«ደህና መሆኑ አይደል የገደለኝ?» አለኝ።