የጎረቤቴ ቀኝ ክንድ

ወዳጄ ጋሉስ፣ እዚህ ሰው አገር፣ እኛ ፎቅ ላይ አንድ ረጅም ፈረንጅ ጎረቤት ገባ። ሰላም ሲለኝ ቀኝ ክንዱን በግራ እጁ ደገፍ አድርጎ ነው፣ ልክ እንደኛ አገር ጨዋ ልጅ። እሁድ እንግዶች ባሉበት ጠራሁትና የልጅ ልጄን፣ «ሰው አጨባበጥ ከዚህ ተማሪ፣ አንቺ ስድ!» አልኳት። እሱም እንደ ልማዱ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ «ኧረ ተው ልጄ፣ ይህን ያህልማ አታክብረኝ!» ብዬ ግራ እጁን አስለቀቅኩና ልስመው ክንዱን ሳብ አደረግኩት።

ሰውየው ጮኸ። ልጅቱ አነጋገረችውና፣ «እማማ፣ ምን ነካዎት! የሚደግፈው ስላመመው ነው! የቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ነው፤ እንጀራው ይሄ ክንድ ነው፣ ገና ከኦፕራሲዮን መውጣቱ ነው!» አለችኝ።

እንግዶቹ ፊት የምገባበት ጠፋኝ። እግዜር ይመስገን፣ ክንዱ ተርፎ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ደረጃው ላይ ሲያየኝ ግን ዛሬም ሁለት እጁን ወደ ኋላው ይደብቃል።