ጠዳ ገበያ ላይ የጮኽኩት ጩኸት

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ጥምቀት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው። እስካሁን መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ከኋላው ሰው እንዳለ እመለከታለሁ።

ዘፋኝ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ ቀሐ አካባቢ ሲሆን አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ሆቴል ጃዝ ዘፍኛለሁ። መንገዱን ያሳየኝ አያ ደስታ የተባለ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። ሠርግ ላይ ስዘፍን ሰምቶኝ «ድምፅ አለሽ፤ ግን ዜማውን ይዘሽ ትሮጫለሽ። እስኪ ቆም እያልሽ ሂጂ» አለኝ። እሱ ያስተማረኝ በትዝታና በአምባሰል ቅኝት ውስጥ እንደ ልብ መመላለስን ነው። እናቴ መጀመሪያ ልታየኝ የመጣች ቀን፣ ዘፈኑን አጋምሼው ሳለ፣ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀመረው?» ብላ አስተናጋጁን ጠይቃዋለች።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ድምፄ ይቆራረጥ ጀመር። ሐኪሙ የድምፅ አውታሬ ላይ እባጭ አገኘ፤ ታኅሣሥ ላይ በቀዶ ሕክምና አወጣልኝ። «ሁለት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ሹክሹክታም ክልክል ነው» አለኝ። የጥምቀት ሰሞን ሆቴላችን በእንግዳ ይጨናነቃል፤ የዓመቱ ትልቁ ሥራችን ያን ጊዜ ነው። ሥራ አስኪያጁ «ለማንኛውም» ብሎ አንዲት ወጣት ዘፋኝ እያስለመደ መሆኑን ሰምቻለሁ።

ቤቴ ዝም ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ስልክ ይደወላል፣ ጎረቤት ይገባል። ስለዚህ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በጠዳ ከተማ እህል ነጋዴ ወደሆነችው እህቴ ወደ የሺ ሄድኩ። ትንሽ ደብተር በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የምፈልገውን እየጻፍኩ አሳያለሁ። ሰው ለመጥራት አጨበጭባለሁ።

ዝምታ ያሳርፋል የሚሉ ሰዎች አልሞከሩትም። ከአስፋልቱ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ አስፋልቱ ስመላለስ እውላለሁ። ዘፈኑ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል፣ መውጫ የለውም። ጠዋት ስነሳ በእንቅልፌ ተናግሬ እንደሆነ የሺን በምልክት እጠይቃታለሁ። የገበያው ሰው ዲዳ ነች ብሎ ተቀበለኝ። በርበሬ ሻጯ ባየችኝ ቁጥር «ምስኪን» ትላለች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገበያ ነበር። ረፋዱ ላይ የሺ ጨው ግዢ ብላ ላከችኝ። መንገዱ ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ እህል የጫነ መኪና ቆሟል። ሾፌሩ ሻይ ቤት ገብቷል። ለጎማው ታኮ የተደረገው አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ከመኪናው በስተኋላ፣ ጥላው ውስጥ፣ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው የሽንኩርት ጆንያ ይሰፋሉ።

ድንጋዩ ሲንሸራተት አየሁት። መኪናው መጀመሪያ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ተንፏቀቀ፣ የሚሄድም አይመስልም። አጨበጨብኩ። ደግሜ አጨበጨብኩ። በገበያው ጫጫታ ውስጥ ማን ይሰማል? ከዚያ ጮኽኩ።

«አያ፣ ይነሱ!»

ሽማግሌው ብድግ ብለው ወደኔ ሁለት እርምጃ መጡ፤ ሊቆጡኝ ነበር። «ምነው ልጄ፣ ሰው በመንገድ ላይ እንዲህ ይጮኻል?» አሉ። ይህን ብለው ሳይጨርሱ መኪናው ጆንያውን ጨፍልቆ አለፈና ከተከመረ አጣና ጋር ተላትሞ ቆመ። ዞር ብለው አዩ። ወስፌው እጃቸው ላይ ነበር።

እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ቆሜያለሁ። ጉሮሮዬ ነደደ፤ ምላሴ ላይ የደም ጣዕም መጣ።

በርበሬ ሻጯ «ዲዳዋ ተናገረች!» ብላ እልል አለች። ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። አንዷ እግሬን ልትስም ጎንበስ አለች፣ ሌላዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን እንውሰዳት ትላለች። «እስኪ ድገሚው፣ የኔ እናት። የፈጣሪን ስም ጥሪ» እያሉ ያባብሉኛል። ራሴን እነቀንቃለሁ። ደብተሬን ከአንገቴ አውልቄ «ዲዳ አይደለሁም» ብዬ ጻፍኩና ለሽማግሌው ሰጠኋቸው። ገለበጡት፣ አዩት። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ» ብለው መለሱልኝ።

የሺ እየሮጠች መጣች። «ዲዳ አይደለችም። ዘፋኝ ነች፤ ሐኪም ነው አትናገሪ ያላት» አለቻቸው።

«ዘፋኝ?» አለች እግሬን ልትስም የነበረችው። ነጠላዋን አስተካክላ ሄደች። ሌላውም አንድ በአንድ ወደየንግዱ ተመለሰ። ሽማግሌው ግን አልሄዱም። ተርፎ የተገኘውን ሽንኩርት አብረን ለቀምን። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ። «ድምፅሽ ሸጋ ነው አልልም» አሉ። «ግን ሰምቼዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

በማግስቱ ጎንደር ሄጄ ሐኪሙ ጉሮሮዬን አየው። ቁስሉ ደምቷል። የሁለት ሳምንቱ ዝምታ ሁለት ወር ሆነ። ጥምቀት መጣና ሄደ፣ ወጣቷ ዘፈነች፤ አያ ደስታ እንደነገረኝ በደንብ ዘፈነች። እኔ ድምፄ ሲመለስ ጎርንኖ ተመለሰ። ላይኛው ድምፄ የለም። ሐኪሙ ጩኸቱ ይሁን ቀዶ ሕክምናው በእርግጠኝነት መናገር አልችልም ብሎኛል። አያ ደስታ ዘፈኖቼን በሙሉ ዝቅ አድርጎ አስተካከለልኝ፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ከወጣቷ ጋር እየተፈራረቅን እንዘፍናለን። ይኼኛው ይሻልሻል የሚሉኝ አሉ። እኔ የድሮውን ቅጂ ስልኬ ላይ እከፍትና ሳልጨርሰው እዘጋዋለሁ።

ታሪኩን የሰሙ ሰዎች፣ ለሰው ስትይ ድምፅሽን ሰጠሽ እያሉ ያመሰግኑኛል። ምስጋናው ያቁነጠንጠኛል፤ ወንበር ላይ ረግቼ መቀመጥ አልችልም። መጀመሪያ ያጨበጨብኩት ከልማድ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከልማድ አልነበረም። መኪናው እየሄደ መሆኑን አውቄያለሁ፣ ሽማግሌው እንዳልሰሙ አውቄያለሁ፤ ሆኖም የጥምቀቱ ሥራዬ ትዝ አለኝና እንደገና አጨበጨብኩ። ይህን ለየሺም፣ ለአያ ደስታም ነግሬያቸው አላውቅም።