የእናቴ የዐቢይ ጾም ቁርስ

ባለፈው ወር ጎረቤታችን በሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ሐኪም ስኳር እንዳገኘባት ነገረችኝ። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው ባይኖርም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው።

«እናትሽ ጠዋት ጠዋት ትበላው የነበረውን ንገሪኝ» አለችኝ። «ቶሎ የሚደርስ ነገር። ሥራ ሳልገባ የምበላው።»

ነገርኋት። የገብስ ቂንጬ ማታ ውሃ ውስጥ ካደረ ጠዋት ሻይ እስኪፈላ ድረስ ይበስላል፤ በጾም በኑግ ዘይት፣ በፍስክ በትንሽ ቅቤ። በሶ በውሃና በጨው የታሸ፣ ከጭብጥ ያልበለጠ። ተልባ ተቆልቶ ተወቅጦ በውሃ ይበጠበጥና መዳፍ የምታህል እንጀራ ይፈተፈትበታል። ማታ የተቀቀለ የሽንብራ ንፍሮ። ያደረ ጎመን። ፉርኖ ዳቦና ማር አይሆንም፤ ሻይም ያለ ስኳር ነው። በጣቷ እየቆጠረች ሰማችኝ።

«ይኸን ሁሉ ማን አስተማረሽ?»

«ግማሹን እናቴን ያከማት የሐኪም ቤቱ ድሬሰር» አልሁ። ሌላውን አልነገርኋትም። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ያን ጊዜ ጎረቤታችን ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነበረች፣ የሆነውን ግን አታውቅም። መናገር አይሆንልኝም። መጻፍ ይሻለኛል።

የእናቴ በሽታ የታወቀው በጉንዳን ነው። ጓሮ ሽንቷን የሸናችበት ቦታ ሁሉ ጉንዳን ይሰፍርበት ጀመር። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቶ ስለነበር ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ እሷ ለሸማኔዎች ጥጥ ትፈትላለች፣ እኔ ስድስተኛ ክፍልን ገና መጨረሴ ነው። ሐኪም ቤት ይዣት ሄድሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለስሁም።

ድሬሰሩ የመስታወቱን መርፌ በላምባ ምድጃ እንዴት እንደምቀቅል፣ ጭኗ ላይ እንዴት እንደምወጋ አሳየኝ። የመድኃኒቱን ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ስለሌለን ከእንስራው ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ እንድቀብረው ነገረኝ። የቀረውን በወረቀት ጻፈልኝ።

«ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«እንግዲያው ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ እንደገባሽ ልወቅ።»

አፌ አልከፈት አለ። እሱ ራሱ አነበበው። መርፌ ጠዋት አንድ ሰዓት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቁርስ። ተወግታ ካልበላች ያልባታል፣ ያንቀጠቅጣታል፣ ትወድቃለች። ያን ጊዜ ስኳር በውሃ።

«ስኳር ከልክላችሁኝ የለም እንዴ?» አለች እናቴ።

«ያን ጊዜ ግን መድኃኒትዎ እሱ ነው፣ እማማ።»

ከቀበሌ ሱቅ በየወሩ የምንቀበለውን ስኳር በቆርቆሮ አድርገን መደርደሪያው ጫፍ ላይ እናስቀምጠው ነበር። እንግዳ ካልመጣ አይወርድም።

ወራቱ በደህና አለፈ። እኔ ቂንጬውን ሳማስል እሷ ጥጧን ትባዝታለች፤ መርፌው፣ ቁርሱ፣ ከዚያ እንዝርቱ። ሐይቁ ዳር ያለው የዋርካ ጥላ ድረስ ደርሳ መመለስ ጀምራ ነበር። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት መርፌዋን ወጋኋት፣ የበሶውን ሳህን ፊቷ አስቀመጥሁ። በእጇ ጀርባ ወደ እኔ መለሰችው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«እማዬ፣ ድሬሰሩ በግማሽ ሰዓት ብሏል።»

«ድሬሰሩ የነፍስ አባቴ ነው?»

ከዚህ ሌላ አልመለሰችልኝም። ልጅ ሆና ከጀመረችው ጾም በገዛ ፈቃዷ አንድ ቀን ገድፋ አታውቅም፤ እኔን የወለደች ሰሞን እንኳ የገደፈችው የነፍስ አባቷ ቤታችን ድረስ መጥተው ብዪ ስላሏት ነው። ሌላ ቄስ ሊፈታት አይችልም። እሳቸው ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ለሱባኤ ሐይቁ ውስጥ ወዳለ ገዳም ተሻግረዋል፤ እስከ ፋሲካ አይወጡም። ያ ደሴት ሴት የማይረግጠው ነው።

ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። አምስት ሰዓት ሲጠጋ ግንባሯ ላይ ላብ ይወጣል፣ እጇ ክሩን መያዝ ያቅተዋል፣ ጋደም ትላለች። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥታ ትበላለች። ሐሙስ ዕለት የነፍስ አባቷን ላስፈቅድ መሆኑን ነግሬያት ታንኳ ልሳፈር ወደ ሐይቁ ዳር ወረድሁ።

ቀዛፊው የት እንደምሄድ ሲሰማ ሳቀ። «ልትመነኩሺ ነው? እዚያ እንኳን አንቺ ሴት ዶሮም አትወርድ።»

«መልእክት ለመስጠት ነው።»

«እንግዲያው ድምፅሽን ካሁኑ አሰሚን። እንዲህ ስታንሾካሹኪ ከዳር ሆኖ የሚሰማሽ መነኩሴ የለም።»

ታንኳው ውስጥ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔ መንገዱን ሁሉ የምለውን አጠናሁ። ስኳር አለባት፣ መርፌ ትወጋለች፣ ከመርፌው በኋላ ካልበላች ትወድቃለች፣ ጠዋት እንድትበላ ይፍቀዱላት። አራት ነገር ነው። ለአራት ነገር ደግሞ ስድስተኛ ክፍል ይበቃል እያልሁ ራሴን አበረታታሁ።

ታንኳው ሲጠጋ ወንዶቹ ወረዱ። ሴቶች የሚቆዩት ውሃው ዳር ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በባዶ እግራቸው ወረዱ፤ እግራቸው የተሰነጠቀ፣ ፊታቸው በጾም የከሳ ነው።

«ይፍቱኝ አባ» አልሁ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ማንን ፈለግሽ?»

ነገርኋቸው።

«ሱባኤ ላይ ናቸው። ምን ልበልልሽ?»

ቀዛፊው አጠገቤ ታንኳውን እያሰረ ነበር። እዚያ እህል ሳይቀምሱ የቆሙ ሰው ፊት ስለ ቁርስ መናገር እንዴት ይቻላል? ያጠናሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«እናቴ ታማለች በሉልኝ።»

«ምኗን?»

«እንዲሁ… ታማለች።»

መነኩሴው ወጡ። ብዙ ቆይተው ሲመለሱ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ ይዘው ነበር።

«ጸበል ነው። ሰባት ቀን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣው። ከጠጣች በኋላም ቶሎ እህል አትቅመስ ብለዋል።»

ያን ጊዜ «አይደለም አባ፣ እንዲህ አይደለም» ማለት ነበረብኝ። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልሁ።

«ያሰብሽው ተሳካ?» አለኝ ቀዛፊው ስንመለስ።

«አዎ» አልሁ።

እናቴ ጠርሙሱን ስታይ ከተቀመጠችበት ተነሣች፤ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀበለችና ሳመችው።

«አስበውኛል ማለት ነው» አለች። ከዚያ «ስለ ቁርሱስ ምን አሉ?» ስትል ጠየቀችኝ።

«ምንም አላሉም።»

እውነት ነበር። ምንም አላሉም፤ ማን ነግሯቸው።

«እንግዲያው መልሳቸው ይኸው ነው» አለች።

ዓርብ ጠጣች፤ ዘጠኝ ሰዓት እስክትበላ ዓይኔን ከእሷ አልነቀልሁም። ቅዳሜና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚበላ ተረፍን። ሰኞ መርፌዋን ወጋኋት፣ ጸበሏን ጠጣች፣ መፍተል ጀመረች። እኔ ልብስ ሳጥብ እንዝርቷ መሬት ሲወድቅ ሰማሁ። ስገባ ቀሚሷ በላብ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

«በሩን ዝጊው» አለችኝ። «ሐይቁ እየገባ ነው።»

ከዚያ በጎኗ ተኛች። ብጠራት አትሰማም። ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው ሳወርድ ስኳሩ ግማሹ መሬት ፈሰሰ። በስኒ በጠበጥሁና በጣቴ ጉንጯን ከውስጥ ቀባሁት፤ እየደጋገምሁ ቀባሁት። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ቀና አድርጌ ጥቂት አጠጣኋት።

ዓይኗን ስትገልጥ ከንፈሯን ላሰች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አምስት ተኩል።»

«ምን አጠጣሽኝ?»

«ስኳር።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጣራውን እያየች «አስገደፍሽኝ» አለች።

«ልትሞቺ ነበር እኮ።»

«ነገ መርፌውን ተዪው። የሚያስገድፈኝ እሱ ነው። መርፌ ካልተወጋሁ ረሃብ አይጥለኝም።»

ያለችው እውነት ነበር፤ መርፌው ከሌለ እንዲያ አትወድቅም። በሌላ መንገድ ግን ታልቃለች። ይኸንን አውቀዋለሁ፤ ለእሷ በሚገባት ቃል ማስረዳት ነው ያልቻልሁት። ማግስቱን ቀቅዬ ያቀረብሁትን መርፌ አላስነካ አለች። ወደ ድሬሰሩ ሮጥሁ።

«ምን ዓይነት ልጅ ነሽ?» አለኝ። «እሺ አሰኛት እንጂ።»

«እሺ አትልም።»

«ነግረሻታል ወይስ ፊቷ ቆመሽ አልቅሰሻል?»

ያለቀስሁት እሱ ፊት ነው።

«ያለ መርፌ ብዙ አትቆይም» አለ ድምፁን አለስልሶ። «በቃሬዛ ነው የምታመጫት። የምትሰማው ሰው ካለ ፈልጊ።»

በሦስተኛው ቀን ጉንዳኑ ተመለሰ። እናቴ ቀኑን ሙሉ ጓሮ ትመላለሳለች። ውሃ ጥሙ ያቃጥላታል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን ውሃም አትቀምስም። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ስትፈትል ክሩ አይታየኝም ማለት ጀመረች።

ራሴ ደብዳቤ ጽፌ ከነፍስ አባቷ እንደተላከ አድርጌ ልሰጣት አስቤ ነበር። እናቴ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ የእኔን ጽሑፍ ደግሞ አሳምራ ታውቀዋለች። ስለዚህ ከስድስተኛ ክፍል ደብተሬ አንድ ቅጠል ገንጥዬ ለእሳቸው ጻፍሁ። ድንጋዩ ላይ ቆሜ ያላልሁትን ሁሉ ጻፍሁት፤ ሽንት የሚለውንም፣ ጉንዳኑንም። መጨረሻው ላይ እንዲህ አልሁ፦ «ያን ጊዜ ያልነገርሁዎ ስላፈርሁ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው። እናቴ ከእርስዎ ቃል በቀር የማንንም አትሰማም።»

ያው ቀዛፊ አሻገረኝ። ፊቴን አይቶ ይሁን እንጃ፣ የዚያን ቀን አልቀለደም። እኒያው መነኩሴ ወረዱ፤ ወረቀቱን አጥፌ ሰጠኋቸው። ፀሐይዋ እስክትዞር ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። መልሱ በዚያው በወረቀቴ ጀርባ ተጽፎ መጣ።

እናቴ በሩ አጠገብ ብርሃን ወዳለበት ወሰደችው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ ዓይኗን እያጠበበች፣ እንደ ተማረችው ጮክ ብላ አነበበች፦ «ልጄ፣ መርፌሽን ተወጊ። ጠዋት ብዪ። ያንቺን ጾም እኔ በራሴ ላይ ደርቤ እጾመዋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።

«የነፍስ አባቴ በእኔ ምክንያት ሊራቡ» አለች፤ ወረቀቱንም ጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ማግስቱን መርፌዋን ወጋኋት። በላች። የዚያን ጾም ተረፈች፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዐቢይ ጾም ኖራለች፤ የዓይኗ ብርሃን ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። በጾም ጠዋት እንደ ሰው ሆና በልታ አታውቅም። ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ትከናነባለች፣ እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ። «ፈጠን በይ፣ ሰው ሳይመጣ» ትለኛለች። ቂንጬውን ማታ መንከር፣ ንፍሮውን ቀደም ብሎ መቀቀል፣ በሶውን በጭብጥ ለክቶ ማደር፣ ይኸን ሁሉ የለመድሁት ለዚያ ነው። በአንድ ጉርሻም ቢሆን ጊዜው እንዲያጥርላት። ጎረቤታችን ግን አንዳንድ ቀን ትቀድመን ነበር።

«እናንተ ቤት በዐቢይ ጾም ቂንጬ ቂንጬ ይላል» ብላ ከደጅ ትስቃለች። «ቀበሌ ጾሙን አነሣው እንዴ?»

«ለማታ የሚሰናዳ ነው» እላለሁ። እናቴ የጎረሰችውን ሳታላምጥ ይዛ ትጠብቃለች፤ የጎረቤታችን ኮቴ እስኪርቅ ድረስ ጉንጯ አይንቀሳቀስም።

በልታ ስትጨርስ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ እኔ ትዞራለች። በየቀኑ ጥያቄዋ ያው ነበር።

«አንቺስ ቀመስሽ?»

«አልቀመስሁም። እጾማለሁ።»

ቀና ብላ ታየኛለች። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

«ታድለሽ» ትለኛለች።

ሆዴ በረሃብ ይጮኽ ነበር። ሳህኑን አንሥቼ ላጥበው ወደ ጓሮ እወጣለሁ።