«ትንሽ አሞታል»

ሰሞኑን ልጄ ሐያት ለፈተና የእንግሊዝኛ ቃላት ትሸመድዳለች። የቦሌ አራብሳው ኮንዶሚኒየማችን ግድግዳ ስስ ነውና ጎረቤቱም አብሮ ይማራል። ትናንት የውሸት ቃላት ተራ ነበር፤ ላየር፣ ዲስኦነስት፣ ዲሲትፉል። «ኢቬሲቭ» ላይ ስትደርስ ትርጉሙን ቀድሜ ነገርኳት። ገረማት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ጫማ ነጋዴ ነኝ።

በወጣትነቴ ቦሌ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ሱቅ ከአብሮ አደጌ ከሰይድ ጋር ጫማ እሸጥ ነበር። ፈረንጅ ደንበኛ ስለሚበዛ ጠዋት ጠዋት አትላስ አካባቢ እንግሊዝኛ እማራለሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጭቃማ ጠዋት፣ መምህሩ የሐሰተኛ ሰው መጠሪያዎችን አስተማሩን። እኛ «ውሸታም» ብለን የምንገላገለውን እንግሊዞቹ እንደ ሥጋ ቤት ብልት በብልት ለይተውታል። ኢቬሲቭ ማለት፣ አሉ መምህሩ፣ ሳይዋሽ ከእውነት የሚሸሽ ነው። «እሱማ አከራዬ ነው» አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅን።

ቃሉን ለሰይድ ላካፍል ስመለስ ሱቁ ተዘግቷል። በገበያ ሰዓት ሰይድ ሱቅ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። ደንበኛ ቀማኸኝ ብሎ ሰላም የማይለኝ ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ እንኳ ተነስቶ በርጩማውን ለቀቀልኝ። በሩ ላይ ቆሞ የጠበቀኝ ሰይድ ከአገራችን ከኮምቦልቻ ስልክ እንደተደወለ ነገረኝ።

«አባትህን ትንሽ አሞታል። አብረን እንሄዳለን።»

«ትንሽ ካመመው አንተ ምን ትሠራለህ?»

«እኔም አገሬ ናፍቆኛል» አለ፣ ቁልፉን ኪሱ እየከተተ።

በእኛ ዘንድ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ዘመድ ከብቦት ነው የሚሰማው። ይህን አላጣሁትም። የእኛ የሙስሊሞቹ ቀብር ደግሞ ሩቅ ያለ ልጅ እስኪመጣ አይጠብቅም። የአባቴን ፊት ላየው እችል እንደሆነ፣ ማወቅ የፈለግሁት ይህንኑ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ያዝን። ደብረ ሲና ቁልቁለት ላይ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ «ሰይዴ፣ እደርስበታለሁ?» አልኩት።

«አላህ ያውቃል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁትም። ሸዋ ሮቢት ወርደን ለበሽተኛው ብርቱካን ገዛሁ። ዋጋ ሳይቀር ተከራከርኩ። ሻጯ «ምነው፣ ለታመመ ሰው እንኳ?» ብትለኝም አልለቀቅኋትም። ሰይድ ዞር ብሎ ተራራውን ሲያይ ቆየ። ሙቀቱ ውስጥ ፌስታሉን እግሬ መሀል አድርጌ፣ እንቅልፍም እንባም ሳይመጣልኝ ኮምቦልቻ ደረስኩ። በራችን ላይ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ብርቱካኑን ለመጀመሪያው ሰው ሰጠሁ። ከዚያ ነገሩኝ። ከትናንት ወዲያ ነበር የተቀበረው።

«ታዲያ ሰይድ ዲስኦነስት ነበር ማለት ነው?» አለችኝ ሐያት፣ ታሪኩን ስጨርስላት።

ቀብሩን የነጠቀኝ ርቀቱ ነው፤ ሰይድማ ሁሉን እያወቀ ያን መንገድ ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። በእሱ ምክንያት አባቴ ከተቀበረ በኋላ፣ አንድ ቀን ሙሉ፣ ትንሽ አሞት ዋለ።