የኦርኪዶቼ ሻጋታ

ኦርኪድ አባዛለሁ ስል ሰው ሁሉ አበባ ሻጭ አድርጎ ያየኛል። «ደምበል ጋ ሱቅ አለሽ?» ያለኝም አለ። የእኔ ኦርኪድ የሱቅ አይደለችም፤ በደቡብ ምዕራብ ጫካ ትልልቅ ዛፎች ላይ ተጣብቃ የምትኖር፣ ዛፎቹ ሲቆረጡም አብራ የምታልቅ ናት። ከዘሯ አጠገብ ጤፍ ባቄላ ያክላል። እንዲያ የደቀቀ ስለሆነ ለቡቃያው የሚሆን ስንቅ በውስጡ የለም፤ ስንቁን የሚያቀብለው ፈንገስ ነው፣ እኛ ሻጋታ ብለን የምንጠርገው ነገር። እሱ ከሌለ ኦርኪዷ ጫካ ውስጥ ብትተከልም አትሰነብትም። ይህን መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አፌ እስኪደርቅ አስረድቻለሁ። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ይረሳዋል።

መሥሪያ ቤታችን ካዛንቺስ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ ያለ አሮጌ ቪላ ነው። ችግኞቼን ጓሮው ውስጥ፣ በመረብ ጥላ ሥር፣ የዛፍ ቅርፊት ላይ አሳድጋቸው ነበር። ዘሩን ያገኘሁባት እናት ተክል ከነዛፏ ወድቃለች፤ ከእነዚህ ሌላ የእሷ ዘር የለኝም። ዓመታት ፈጅተውብኛል። ነጩ የፈንገስ ክር ከቅርፊቱ ወደ ሥሮቹ ሲሳብ ያየሁ ቀን ብቻዬን ስቄያለሁ። ክረምቱ ሲገባ ወደ ጫካቸው ልመልሳቸው መኪና ሁሉ ተፈቅዶልኝ ነበር።

አንድ ሰኞ ታክሲ ጠፍቶ ከለገሃር በእግሬ መጥቼ አርፍጄ ገባሁ። መረቡ ሥር ምንም የለም። መሬቱ ርሷል፣ በረኪና በረኪና ይሸታል።

በዕድሜ እናቴ የሚሆኑትን ጸሐፊያችንን ችግኞቹ የት እንደሄዱ ጠየቅኋቸው።

«ሆቴል ናቸዋ ልጄ። አለቃችን ለስብሰባው እንግዶች ስጦታ ይሁኑ አሉ። ሻግተው ነበር እኮ፤ እንዲህ ሆኖ ለሰው አይሰጥም ብዬ አንድ በአንድ አጠብኳቸው። በረኪና ጠብ አድርጌ። ቅርፊቱን ጥዬ አዲስ አፈር ውስጥ አደረግኳቸው። ሪባን ሁሉ አስሬላቸዋለሁ።»

እሳቸው ላይ መጮህ አልቻልኩም። እኔስ የተሸረፈ ብርጭቆ ለእንግዳ አቀርባለሁ? ንዴቴን ይዤ ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ።

ጥበቃው ባጅ ከሌለሽ አትገቢም አለኝ። በመስታወቱ በኩል እንግዶቹ ችግኞቼን ደረታቸው ላይ ይዘው ፎቶ ሲነሱ ይታየኛል። ደጋግሜ ስደውልላቸው አለቃዬ ወጡ።

«ማለቴ፣ ሳይንሱ ይገባኛል» አሉኝ። «ግን ሰዎቹ ባዶ እጃቸውን ይሂዱ? በቃ፣ ሌላ ታበቅያለሽ።»

«ከምን?» አልኳቸው።

ለፎቶ ተጠርተው ተመለሱ። የማደርገው ሲጠፋኝ ወደ ቢሮ ተመለስኩ። መንገዱን ሁሉ ለራሴ ሳወራ ነበር የመጣሁት።

ለጸሐፊያችን ሁሉንም ነገር እንደገና ነገርኳቸው፤ ያጠቡት ሻጋታ ምን እንደነበር፣ ችግኞቹ ያለ እሱ ጫካ ቢመለሱ እንኳ እንደማይቆዩ። አሁን ግን ራሳቸውን አልነቀነቁም። ተነሡና ከውሃው ሮቶ ኋላ ወሰዱኝ።

አንዲት ችግኝ ቅርፊቷ ላይ ተቀምጣለች። ቅጠሏ ጠማማ ነው፣ ሥሯ ነጭ በነጭ ሆኗል።

«እቺ በጣም ብሶባት ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ማን ይወስዳታል ብዬ ተውኳት።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ያ ሁሉ ልፋት ለአንዲት ጠማማ ችግኝ? አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ተናደድኩ።

ስልኬ ጠራ። አለቃዬ ናቸው። አንድ ትልቅ እንግዳ ስጦታ ሳይደርሳቸው ቀርቷል፣ የተረፈ ካለ ቶሎ ይምጣ አሉ። የለም ብል ውሸት፣ አለ ብል ማለቋ ነው።

ጸሐፊያችን ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«አንድ አለች» አሏቸው። «ግን ሻግታለች። ለእንግዳ አትሰጥም።»