ጉደር፦ ሰላጣው፣ ሙጃውና ላሟ

ጥር ሲገባ አምቦ ሰርግ በሰርግ ትሆናለች። ባለ ሆቴሏ ደንበኛዬ እትዬ ዘነበች ትናንት ጠርተውኝ፣ "ለቅዳሜው ሰርግ የምታመጣው ሰላጣ እንደ ባለፈው ክር ክር ከሆነ በዚሁ ተለያየን፤ ከአዲስ አበባ አስመጣለሁ" አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ በጠዋት ማሳውን በዓይኔ ላየው ወጣሁ።

ከአምቦ ጉደር

ሚኒባሱ ላይ ታሪፍ ተለጥፏል፤ ረዳቱ የሚያነበው ግን ሲጮሁበት ብቻ ነው። ከጎኔ ዶሮ የታቀፉ እናት "ጠጋ በል፣ እሷም ከፍላለች" አሉኝ። የጉደር ወንዝ ዳር አረንጓዴ ብቅ ሲል ልቤ ረጋ። ለመርጋት ግን ቸኩሎ ነበር።

ማሳው ላይ

ሰላጣውን በመስኖ የሚያለሙልኝ ኦቦ ገመቹ ናቸው። "አካም ጅርታ?" ተባብለን ወደ መደቡ ወሰዱኝ። ግማሹን ባለቤታቸው አዴ ሌሊሴ፣ ችግኙ ሥር እንደያዘ፣ አረሙ ገና ብቅ ሲል አርመውታል፤ ሰላጣው እንደ ሙሽራ እናት ቀሚሱን ዘርፍፎ ተቀምጧል። የኦቦ ገመቹ ወገን ሌላ ነው። ሙጃው አድጎ ለላማቸው መኖ እንዲሆን አቆይተውት፣ ትናንት እመጣለሁ ብዬ ስደውልላቸው ሙልጭ አድርገው ነቀሉት። ሙጃው ሲወጣ የሰላጣውን ሥር ይዞ ወጣ። የተረፈውም ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ሲያስረዝም ከርሞ ፀሐይ ላይ ጠውልጓል።

"ንጹሕ አይደል?" አሉኝ።

"ንጹሕማ ነው ኦቦ። ሬሳም ታጥቦ ነው የሚገነዘው።"

አዴ ሌሊሴ ጣልቃ ገቡ፦ "ቶሎ እናርም ስለው 'ትንሽ አረም የላም አፍ አይሞላም' ይለኛል። ላሟን ቢያገባ ይሻለው ነበር!"

"እሷ ቢያንስ ዝም ትላለች" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ተቆጥቼ ልሄድ ስነሳ እርጎ ቀረበ። በማንኪያ የሚቆረጥ እርጎ ነው። እንዲህ ያለ እርጎ እየበሉ መቆጣት ስለማይቻል ድጋሚ ቀዱልኝ።

ወደ አምቦ

ግማሽ ጭነት ይዤ ተመለስኩ። እትዬ ዘነበች አንዱን ራስ አገላብጠው አዩት። "ይሄስ ሰላጣ ነው። ቀሪውስ?"

"ሰላጣውን ሙጃ በላው፣ ሙጃውን ላም በላችው፣ የላሟን እርጎ እኔ በላሁት።"

ሳቃቸውን ዋጡ። "ለቅዳሜ በጥቅል ጎመን እሞላዋለሁ። በሚቀጥለው ከጎደለብኝ ግን አላውቅህም።"

እኔ ማሳ የማየው ሰላጣው ሲደርስ ነበር፤ ለካስ ዕጣው የሚወጣው ችግኙ ገና ጣት ሳያክል ኖሯል። ይህን ለኦቦ ገመቹ ብሰብክ ደግሞ ላሟ አትጠግብም። ወደ ቤት ስገባ መኖ ሻጩ ዘንድ ጎራ ብዬ አንድ ጆንያ ፍሩሽካ ገዛሁና ደወልኩ።

"ኦቦ፣ አዲሱ ችግኝ ሥር ሲይዝ ይዤልዎት እመጣለሁ። ላሟ ይህን ትብላ፤ አረሙ በልጅነቱ ይነቀል።"



"እሺ" አሉ ኦቦ ገመቹ። "ጊደሯስ?"